የያሬድ መድኃኒት

ሰመራ
ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያሬድ ወልደገብርኤል
ጅቡቲ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እናትህ ደህና ናት። ይህን ከሰላምታዬ ያስቀደምኩት፣ ፖስታው ላይ የእኔን እጅ ጽሑፍ ስታይ ምን እንደሚመጣብህ ስለማውቅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የሚጽፍ አባት መርዶ ነጋሪ ይመስላል። አይደለሁም። ይኸው ከፊቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከጎኗ ለተኛችው ሴትዮ ስለ አንተ እያወራችላት ነው። ሴትዮዋ አማርኛ እምብዛም አትሰማም፤ እናትህን ግን ይህ አላስቆማትም።

እንደምን ሰነበትህ ልጄ? ስልኬን እንደማታነሳ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁብህ። አልፈርድብህም። እናትህ ስኳር የተገኘባት ጊዜ ጅቡቲ ወስጄ ላሳክማት ስትለኝ፣ «እኔ እያለሁ ሚስቴን ማንም አያስታምምልኝም» አልኩህ። አንተም «ባቡሩ ሲቆም አንተም አብረኸው ቆመሃል» አልከኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ የከፋ ተናገርኩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አባት አለኝ እንዳትል» አልኩ። አንተም ቃሌን አክብረህ ይኸው አራት ዓመት አላልክም። ድሮ ስመክርህ ግን እንዲህ አትሰማኝም ነበር።

ከጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር ከድሩ መኪናውን ሎግያ አቁሞ ጎማ እያስጠገነ ነው። ዛሬ ከሰዓት ይነሳል፤ ይህን ደብዳቤ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ስትደውል እናትህ «አሳይታ ኢስማኢል ቤት ሰርግ ላይ ነን» ያለችህ ውሸቷን ነው። የት አገር ሰርግ ነው ሁለት ሳምንት የሚቆየው? የደወልክላት ሰመራ፣ ሆስፒታል፣ ይህችው አልጋ ላይ ሆና ነው። ሰርጉ ግን እውነት ነበር፤ ከእሱ ልጀምርልህ።

የኢስማኢል የመጨረሻ ሴት ልጁ ነሐሴ 10 ቀን ተዳረች። ኢስማኢልን አትረሳውም፤ አዋሽ ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የነበረው፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ባቡር ሲገባ ያሳይህ የነበረው የወሎ ሰው ነው። አሳይታ ድረስ ጠርቶን መቅረት ነውር ነው ብለን ሄድን። ፍልሰታ ላይ ስለወደቀብን ሚስቱ ፋኢዛ ለእኛ ብላ በአዲስ ድስት ሽሮ ሠራች፤ እናትህ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም አለች። «መንገደኛ ነሽ፣ ስኳርም አለብሽ» ብላት፣ «ኪኒኔን በውኃ ውጫለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ ዘጋችኝ። ሁለቱንም ኪኒን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ያልኩትን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስድስት ሰዓት ግድም ላብ አጠመቃት። አሳይታ በነሐሴ የማያልበው ማን አለ? ማንም ልብ አላላትም። ቀጥላ ኢስማኢልን «ያሬድ፣ መጣህልኝ?» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተዘረጋች። ለሙሽራዋ በተዘጋጀው መኪና ጭነናት ወደ ሰመራ በረርን። ሪባን የታሰረበት መኪና ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲቆም ዘበኛው «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ኢስማኢል ግንባሩን ይዞ አለቀሰ።

ጣቷን ወግተው አዩና «ስኳሯ ወርዷል» አሉ። እኔ ስኳር ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጧት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኗን ገልጣ «ሽሮው ቀዘቀዘ?» አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዳነች ብለን ሳንጨርስ በማግስቱ ረፋድ ላይ እንደገና ወረደባት። ግሉኮስ ሰጧት፣ ነቃች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያው ሆነ። ዶክተር ሙእሚን የሚባል ትሁት ወጣት ሐኪም አለ፤ ወረቀቷን እያገላበጠ «የስኳር መድኃኒቷን ከገባች ጀምሮ አቁመናል፣ ታዲያ ለምን ይወርዳል?» ይላል። በመጨረሻ ቆሽቷ ላይ አንድ ነገር በቅሎ እንዳይሆን ፈራና አዲስ አበባ ሊልካት ወረቀት መጻፍ ጀመረ። እኔ «በቅሎ» የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ እህል አልወረደልኝም።

ዶክተሩ ገና በመጀመሪያው ቀን «ቤት የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ» ብሎኝ ነበር። አዋሽ የሚሰጧትን አሳየሁት። «ሌላስ?» አለኝ። «ሌላ የለም» አልኩት።

ያሬድ፣ አንተ የላክኸው ኮቴ ውስጠኛው ኪስ ውስጥ ነበር።

ለምን ዋሸህ ትለኝ ይሆናል። ስለ ሆስፒታል መድኃኒት የጠየቀኝ መሰለኝ ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። የሆስፒታሉን አቁመናል ሲሉኝ ደግሞ በልቤ «እንኳን የልጄ አለልን» አልኩ። ስለዚህ በየጠዋቱ ነርሷ ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ አንዷን ኪኒን ከማሸጊያዋ ፈልቅቄ «የያሬድን ዋጪ» እላታለሁ። ስምህን ስትሰማ አፏን ትከፍታለች። በዚያ ሁሉ ድካሟ ስምህን ስትሰማ አፏን ትከፍታለች።

በአራተኛው ቀን ሀምዳ የምትባል ልጅ መጣች። የአዳይቱ ከተማ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ከሐኪሞቹ ጋር አልጋ ላልጋ ስትዞር አይቻት ነርስ መስላኝ ነበር፤ ክሊኒካል ፋርማሲስት ናት አሉኝ። እኔ የማውቀው ፋርማሲስት መስኮት ውስጥ ቆሞ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ቀጣይ!» የሚለውን ነው። «ይቺ ልጅ መስኮቷን ትታ እዚህ ምን ያዞራታል?» አልኩ። ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፣ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

ሐኪሞቹ ሲሄዱ ብቻዋን ተመልሳ መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማማ ባይሽ፣ ስለ መድኃኒት አልጠይቅዎትም» አለቻት። «ቤትዎ ሳሉ ጠዋት ሲነሱ ምን ምን ያደርጋሉ? አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

እናትህ ሰሚ ስታገኝ ታውቃታለህ። ፊቷን መታጠቧን፣ ውዳሴ ማርያሟን መድገሟን፣ ዶሮዎቿን ማውጣቷን፣ ነጯ ዶሮ እንቁላል መሸሸጓን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ አላቋረጠቻትም። «ከዚያ የያሬድን እውጣለሁ፣ ከዚያ የሆስፒታሉን፣ ከዚያ በር በሩን እጠርግና...»

ሀምዳ እስክሪብቶዋን አቆመች። «የያሬድ ምንድን ነው?»

«የልጄ ነዋ! ከጅቡቲ የሚልክልኝ። ዛሬም ውጫለሁ» አለች እናትህ፣ እየተኩራራች።

ሀምዳ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እዚያው ኪሴ ውስጥ ከኪኒኑ ጋር ብደበቅ በወደድኩ። አወጣሁላት። ዝም ብዬ ግን አልሰጠኋትም፣ አባትህ አይደለሁ? «ማድሞዜል፣ ይህ የፈረንሳይ ዕቃ ነው። ወረቀቱንም በቋንቋው አንብቤዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋሽ ጣቢያ በፈረንሳይኛ ወረቀት የሠራሁ ሰው ነኝ» አልኳት።

«ጥሩ ነው አባባ። ምን ይላል?» አለችኝ። እያሾፈች አልነበረም፣ እውነቷን ነው የጠየቀችኝ።

«የስኳር ነው ይላል። ጠዋት አንድ ይላል። ከምግብ በፊት ይላል።»

«ከምግብ በፊት ካለ፣ ምግቡስ የታለ? በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ። ሌላስ ምን ይላል?»

ሌላውን አላነበብኩትም። ጽሑፉ የጤፍ ፍሬ ነው የሚያክለው። እኔ ደግሞ ወረቀት የማነበው የጭነት ወረቀት እንደማነበው ነው፤ ምንድን ነው፣ ስንት ነው፣ በስንት ሰዓት ይሄዳል። የቀረውን ፈርሜ ማሳለፍ ነው የለመድኩት።

ሁለቱን መድኃኒት አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በአንተው መድኃኒት ማሸጊያ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው አለችኝ። ከዚያ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈ ሌላ ስም በጣቷ አሳየችኝ፣ ቀጥላም የአዋሹ ላይ ያለውን። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። አንድ ነው። አንዲት ፊደል አይለይም። እናትህ ከግንቦት ጀምሮ የአንዱኑ መድኃኒት እጥፍ ስትውጥ ከርማለች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የዛሬ ሁለት ዓመት አዋሽ መድኃኒቱ ሲጠፋ ነበር አንተ መላክ የጀመርከው፣ ያን ጊዜ የአንተን ብቻ ነበር የምትወስደው፣ ደህናም ነበረች። ግንቦት ላይ የእነሱ ተመልሶ ሲመጣ «ተቀበይ፣ ሁለት ሲሆን ይጠነክራል» ያልኳት እኔ ነኝ። ለሀምዳም ይህንኑ ነገርኳት። «አውቄ ነው ሁለቱንም የሰጠኋት። አቀበት ላይ ባቡሩ ሲከብደው ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ይቀጠልለታል» አልኳት።

«አባባ፣ አቀበቱ አልቆ ቁልቁለት ሲመጣስ?» አለችኝ።

ሁለት ሎኮሞቲቭ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋ ምን እንደሚሆን እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የእናትህ ኩላሊት እንደ ድሮው አይሠራም፣ ስለዚህ ኪኒኑ ከሰውነቷ ቶሎ አይወጣም፣ በላይ በላዩ ሲጨመር ይጠራቀማል። እነሱ በክንዷ ስኳር ሲያስገቡ እኔ በአፏ ስኳሯን ሳወርድ ነበር የከረምነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አስታማሚ ከቤት ያመጣውን ሲሰጥ የመጀመሪያው እርስዎ አይደሉም። አሁን አገኘነው» ብቻ ብላ ኪኒኑን ይዛ ወደ ዶክተሩ ሄደች። ዶክተር ሙእሚን እየሮጠ መጣ፣ የአዲስ አበባውን ወረቀት ቀደደው። ሁለት ቀን በግሉኮስ ተጠበቀች፣ በሦስተኛው ቀን የስኳሯ መውረድ ቆመ። ቆሽቷ ላይ ምንም የበቀለ ነገር የለም፣ ልጄ። የበቀለው የአባትህ ዕውቀት ነበር።

አሁን ሌላ መድኃኒት በትንሹ ጀምረውላታል። ሀምዳ በየቀኑ መጥታ ታያታለች፣ ኪኒኑን እኔ ሳልሆን እናትህ ራሷ እንድታውቀው በቀለምና በሰዓት ታስጠናታለች። ከረሜላ ከቀሚሷ ኪስ እንዳይጠፋ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ «ሙቀቱ ነው» እንዳንል አስጠንቅቃናለች። በጾሙ ነገር ግን ተጣልተው ነበር። እናትህ «እንዴት ብዬ እበላለሁ» ስትላት፣ ሀምዳ ሳቅ ብላ «በረመዳን የእኛንም እናቶች እንዲሁ ነው የምለምናቸው። እነሱም እንደ እርስዎ እምቢ ይሉኛል» አለቻት። እናትህም ሳቀች። በኋላ ለንስሐ አባቷ ደወለችላቸው፣ እሳቸው በስልክ ገሠጿትና ብዪ የተባለችውን በላች።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር መጣሁ።

እናትህ ይህን ሁሉ እንዳልነግርህ አስምላኛለች። «ልጄ ይሰበራል፤ በገዛ እጄ እናቴን ልገድላት ነበር ብሎ እንቅልፍ ያጣል። መድኃኒት በድንበር ማሳለፍ ተከለከለ በለው» አለችኝ። እሺ ብዬ ነበር። ከዚያ ሀምዳ «ላኪው ካላወቀ ነገም ይልካል፣ ለሌላም ሰው ይልካል። በዚህ መንገድ ላይ ከጅቡቲ በሹፌር የሚመጣ መድኃኒት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው» አለችኝ። ከድሩ የሚያደርሰው ለእናትህ ብቻ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ መሐላዬን በላሁ። ነገር ግን ልክ ልኩን እወቅ። አንተ አንድ ላክህ፣ ትክክለኛውን ላክህ፣ በጨነቃት ጊዜ ደረስክላት። ሁለት ያደረግሁት እኔ ነኝ። የደበቅሁትም እኔ ነኝ። አንተ የምትሰበርበት ምንም ነገር የለም።

ይህን ለእናትህም ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት ሌላ ነገር አለ፣ ለአንተ ልጻፈው።

ሰኔ ላይ «ይሄ የልጄ ኪኒን ያዞረኛል፣ አንዱን ልተወው» ብላኝ ነበር። ተቆጣኋት። «ልጅሽ ያን ያህል ለፍቶ ልኮልሽ!» አልኳት። ሐኪም እንጠይቅ እንኳ አላልኩም። እሷ ለመድኃኒቱ የተቆጣሁ መሰላት። ያሬድ፣ ኪኒኑን ካቆመች የምትልክበት ካርቶንም ይቆማል ብዬ ነው።

ከድሩ አዋሽ ሲደርስ ወጥቼ የምቀበለው እኔ ነኝ። «ለእናቴ ለወ/ሮ ባይሽ» ብለህ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፍበታለህ። ፊደልህን እንደ ልጅነትህ አሁንም ወደ ግራ ታጋድለዋለህ፤ ስንት ቀን በማስመሪያ ጣትህን መታሁህ፣ አልተቃናም፣ እንኳን አልተቃና። ኪኒኑን ለእናትህ ሰጥቼ ካርቶኑን እጥላለሁ ብዬ እወስዳለሁ። አልጥለውም። አሥራ አንዱም በቁልፍ በሚዘጋው የጣቢያ ሣጥኔ ውስጥ አሉ፣ ከደንብ ልብሴ ሥር። የእኔ ስም አንዱም ላይ የለም፤ ቢሆንም አነባቸዋለሁ። የልጄን እጅ ጽሑፍ እንዳላጣ ብዬ እናትህን በየጠዋቱ መርዝ ሳጎርሳት ከረምኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያን ቀን ጅቡቲ ውሰዳት ብዬህ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር ወይ እያልኩ እዚህ ወንበር ላይ ብዙ አሰብኩ። አላውቅም። «አባት አለኝ እንዳትል» ያልኩህን ቃል ግን መልሻለሁ። ሲወጣ ከአፌ ነው የወጣው፣ ሲመለስ በጽሑፍ ነው፣ ማስረጃ ይሁንህ።

ከእንግዲህ መድኃኒት አትላክ። ሰው ቸገረኝ ብሎ ካስላከህም መጀመሪያ በትንሹ የተጻፈውን ስም አንብቦ ለሐኪሙ ወይም እንደ ሀምዳ ላለች ልጅ ያሳይ በለው። ካርቶኑን ግን አትተውብኝ። ባዶውን ላከው። ከድሩ ባዶ ካርቶን አልጭንም ብሎ ቢያስቸግርህ ራስህ ይዘኸው ና፤ ዶክተሩ ከፈቀደ ሰኞ ወደ አዋሽ እንመለሳለን፣ ለእንቁጣጣሽ ቤት ነን። ላዩ ላይ እንደ ወትሮህ የእናትህን ስም ጻፍበት። ቦታ ከተረፈህ የእኔንም ጻፍ።

እናትህ አሁን «ምን እየጻፍክ ነው አንተ ሰውዬ?» አለችኝ። «የመድኃኒትሽን ዝርዝር» አልኳት። «ይህን ሁሉ ገጽ?» ብላ በዓይኗ ገረመመችኝና ወደ ወሬዋ ተመለሰች። የገባት ይመስለኛል።

የእናትህ ጸሎት ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። በሰው አገር ክፉ አይንካህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ የጎደለህን እግዚአብሔር ይሙላልህ። ቅዱስ ገብርኤል መንገድህን ሁሉ ወደ ቤትህ የሚያደርስ ያድርገው።

አባትህ
ወልደገብርኤል